ስለ ዲኤክስ የጭነት ሎኮሞቲቭ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስለ እንግሊዝ የእንፋሎት ባቡር ከተነሳ ጆርጅ ስቲቨንሰንና «ሮኬት» ሳይጠሩ አይቀሩም። ሮኬት በ1829 ሬይንሂል ላይ ውድድሩን ያሸነፈ ማሽን ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከሰሉን፣ ጥጡንና ብረቱን ቀን ከሌት ያመላለሱት ግን ማንም የማያነሳቸው የጭነት ሎኮሞቲቮች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ዲኤክስ የሚባለው ዓይነት ነው። መሐንዲሱ ጆን ራምስቦተም ነደፈው፤ ከ1858 እስከ 1874 ድረስ ክሩ በምትባለው የባቡር ከተማ ከዚሁ ንድፍ 943 ተሠርተዋል። ስለነሱ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ብዙው ስህተት ነው። አንዳንዱን እኔም ሠርቼዋለሁ።

943ቱን ሁሉ ለአንድ ድርጅት መስጠት

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ክሩ ያለው ፋብሪካ የለንደንና ኖርዝ ዌስተርን ባቡር ኩባንያ ስለነበር «ኩባንያው 943 ዲኤክስ ነበረው» ተብሎ ይጻፋል። የራሱ 857 ነበሩ። ቀሪዎቹን 86 የገዛው ጎረቤቱ የላንክሻየርና ዮርክሻየር ኩባንያ ነው።

እነዚህ 86 ከቁጥር ማስተካከያ በላይ ናቸው፤ ጠብ አስነስተዋል። ሎኮሞቲቭ ሠርተው በመሸጥ የሚተዳደሩት የግል ፋብሪካዎች ነገሩን ሲያዩ ደነገጡ። ከፓርላማ ፈቃድ ያገኘ፣ የራሱ ሃዲድና የራሱ ግዙፍ ፋብሪካ ያለው ኩባንያ ገበያቸው ውስጥ ገባ ማለት ነው። ተባብረው ከሰሱ። መከራከሪያቸው ቀላል ነበር፦ ፓርላማ ፈቃድ የሰጣችሁ ሰውና ዕቃ እንድታጓጉዙ እንጂ ማሽን ሠርታችሁ እንድትቸረችሩ አይደለም። በ1876 ፍርድ ቤቱ እግድ አወጣ፤ የባቡር ኩባንያዎች ሎኮሞቲቭ መሥራት የሚችሉት ለራሳቸው ብቻ ሆነ። ስለ ዲኤክስ ተጽፎ ይህ ክስ ከተዘለለ ግማሹ ታሪክ ቀርቷል ባይ ነኝ።

የሃያ አምስት ሰዓት ተኩሉን ወሬ መለጠፍ

«ክሩ ላይ አንድ ሎኮሞቲቭ በ25 ሰዓት ተኩል ተሠርቷል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ዲኤክስ አልነበረም። ይህ የሆነው በ1878 ነው፤ የመጨረሻው ዲኤክስ ከፋብሪካ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ። ያ ሎኮሞቲቭ «የከሰል ኤንጅን» የሚባለው፣ በ1871 ራምስቦተምን የተካው የፍራንሲስ ዌብ ንድፍ ነው።

ቁጥሩን አይቶ ዕድሜ መገመት

እዚህ ላይ የወደቅሁት እኔ ነኝ። አንድ አሮጌ ፎቶ ላይ ትንሽ ቁጥር አይቼ «ከመጀመሪያዎቹ መሆን አለበት» ብዬ ጻፍኩ። የዚህ ኩባንያ አሠራር ግን ሌላ ነው፦ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ሲወገድ ቁጥሩን ወስደው ለአዲሱ ይሰጡታል። ያረጀው ገና የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ወደ ሁለተኛ ዝርዝር አዛውረው ሌላ ትልቅ ቁጥር ይለጥፉበታል። ስለዚህ ትንሽ ቁጥር የያዘው ልጅ፣ ትልቅ ቁጥር የያዘው ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ዕድሜ የሚነግረው የተሠራበት መዝገብ እንጂ ግንባሩ ላይ ያለው ቁጥር አይደለም።

እግሩን አሳስቶ መቁጠር

ዲኤክስ 0-6-0 ነው፦ ከፊት ነጻ መንኮራኩር የለውም፣ መሀል ላይ በብረት ዘንግ የተያያዙ ስድስት አሉት፣ ከኋላም የለውም። እንግሊዞች የሚቆጥሩት መንኮራኩር ነው። ፈረንሳዮች የሚቆጥሩት አክስል (የግራና የቀኙን መንኮራኩር የሚያገናኘው ብረት) ስለሆነ ይኸው ማሽን በእነሱ አጻጻፍ 030 ይሆናል። የእኛ የጅቡቲ መስመር የፈረንሳዮች ሥራ ስለነበር የድሬዳዋን ባቡር ታሪክ የለመደ አንባቢ ሁለቱን ሊያደባልቅ ይችላል።

«የጭነት ነውና ቀርፋፋ ነው» ማለት

መንኮራኩሩ ከዳር እስከ ዳር ወደ 157 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በጊዜው ፈጣን መንገደኛ ባቡር ይጎትቱ ከነበሩት በጣም ያንሳል። መንኮራኩር ሲያንስ ፒስተኑ አንዴ ሲመላለስ የሚሄደው ርቀት ያጥራል፣ የሚጎትተው ጉልበት ግን ይጨምራል። ያም ሆኖ ዲኤክስ መንገደኛም ይጎትት ነበር። ዌብ ከ1881 ጀምሮ 500 ያህሉን አሳድሶ በባዶ አየር (ቫኪዩም) የሚሠራ፣ ባቡሩን በሙሉ የሚያቆም ፍሬን የገጠመላቸው ለዚሁ ነው፤ «ልዩ ዲኤክስ» ተባሉ።

የዛሬን ፍሬን ይዞ የዚያን ጊዜ ባቡር ማሰብ

ይህን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ሳይገባን የምናልፈው እሱ ነውና። በ1860ዎቹ የጭነት ባቡር ላይ ነጂው አንድ እጀታ ስቦ ሁሉንም ፉርጎ የሚያቆምበት መንገድ የለም። ፍሬን ያለው ውሃና ከሰል የሚሸከመው ተጎታች ላይ ነው፤ እሱንም እሳት የሚያነደው ረዳት እጀታውን በእጁ እያዞረ ያጠብቀዋል። ሌላው ፍሬን ባቡሩ ጭራ ላይ፣ ጠባቂው በሚቀመጥባት ትንሽ ፉርጎ ውስጥ አለ። ነጂው ማቆም ሲፈልግ ፊሽካውን ይነፋል፤ ጠባቂው ከሰማ ያዞራል። ንፋስ ካለ እንጃ።

ፉርጎዎቹ የተያያዙት በሦስት ቀለበት ሰንሰለት ነው፤ ላላ ያለ ነው። ባቡሩ ሲነሳ መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው ሰንሰለት ይወጠራል፤ ጓ፣ ጓ፣ ጓ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል። ነጂው ከቸኮለ አንዱ ሰንሰለት ይበጠስና ጭራው ቀርቶ ግማሹ ብቻ ይሄዳል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ባቡሩን አቁመው የየፉርጎውን የእጅ ፍሬን አንድ በአንድ ይቆልፋሉ፤ ታች ሲደርሱ ደግሞ ይፈታሉ። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ከመጀመሪያዎቹ ዲኤክሶች ላይ የነበሩት ሰዎች ጣራ እንኳ አልነበራቸውም። ዝናቡን የሚከላከልላቸው ከፊት የቆመ አንድ ጋሻ ብረት ነበር።

ጥቁር መቀባት

የዚህ ኩባንያ ጥቁር ቀለም ዝነኛ ስለሆነ ሥዕል የሚሠሩ ሰዎች የ1860ዎቹንም ጥቁር ያደርጉታል። ጥቁሩ የመጣው በዌብ ጊዜ፣ በ1873 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት አረንጓዴ ነበሩ።

ሙዚየም ውስጥ መፈለግ

አትልፉ። ከ943ቱ አንድም አልተረፈም። ከዚያ ፋብሪካ የተረፉ አሉ፤ ለምሳሌ በ1888 የተሠራው የዌብ ቁጥር 1054፤ ግን ዲኤክስ አይደለም። የራምስቦተምን እጅ ማየት ለሚፈልግ ግን በ1865 የተሠራችው «ፔት» አለች። የሃዲዷ ስፋት 46 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሥራዋም እዚያው ክሩ ፋብሪካ ውስጥ ከአንዱ ወርክሾፕ ወደ ሌላው ብረት ማመላለስ ነበር። ጌቶቹ ሁሉ ተቆራርጠው ቀለጡ፤ ተላላኪዋ ተረፈች።