ጎራዴውን ከአፎቱ አውጡት

የአያት ጎራዴ ወይም የሰበሰባችሁትን ጩቤ ከነአፎቱ ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ከሆነ፣ ዛሬውኑ መዘዝ አድርጋችሁ እዩት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ሲለፋ የቀረበት ጨውና አሲድም ብረቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ከውጭ አይታወቅም።

መላው ቀላል ነው። ስለቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ሁለት ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀቡትና በንጹህ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። የጣት ላብም ያዝገዋልና ከነካችሁት እንደገና ጥረጉት።

ግድግዳው ላይ አፎቱ ብቻ ይሰቀል። እንዳይጨማደድ በስለቱ ልክ የተጠረበ ደረቅ እንጨት ክተቱበት። እጀታው ባይታይም፣ ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ ቢያወርደው የሚመዘው እንጨት ነው።

ጽሑፍ ወይም የወርቅ ቅብ ያለበትን ስለት ግን አትፈትጉ። ለወጥ ቤት ቢላዋም ይህን ዘይት እንዳትጠቀሙ።