ቲማቲም በነበረበት ጆንያ ድንች አትትከሉ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ በጆንያ፣ በባልዲ ወይም በጠባብ ጓሮ አትክልት ለምታለሙ ሁሉ፦ ቲማቲም ካነሳችሁ በኋላ በዚያው አፈር ድንች ወይም ቃሪያ አትተኩ። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አንዱን የሚያጠወልገው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ቆይቶ ቀጣዩን ይይዛል። ሐበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመንም ባይከታተሉ ይሻላል።

በምትኩ ባቄላ ወይም አተር ዝሩ። ሥራቸው ላይ በሚወጡት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ተክሉን ይመግባሉ። አንዷን በጥፍራችሁ ሰንጠቅ አድርጋችሁ እዩ፤ ውስጧ ሮዝ ከሆነ እየሠራች ነው። ብዙ ሰው ግን እሸቱን ከበላ በኋላ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ይጥለዋል። አደራ፣ እንዲህ አታድርጉ! ግንዱን ከአፈሩ አፍ ላይ ቁረጡት፤ ሥሩ እዚያው ይበስብስ፣ ቅጠሉንም ከትፋችሁ አፈሩ ላይ በትኑት። ቀጥሎ ጎመን ትከሉ፤ ናይትሮጅን በጣም ይወዳል። የደጋ ገበሬዎቻችን ባቄላ በነበረበት ማሳ ስንዴና ገብስ የሚዘሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ላይ መትከል ለምትፈልጉ፣ በቲማቲም ችግኞች መካከል ሰላጣ አስገቡ። ቲማቲሙ አድጎ ጥላ ሳያጠላበት ሰላጣው ለገበታ ይደርሳል። ክረምት ላይ ቲማቲምና ድንችን አራርቁ፤ ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ በዝናቡ እርጥበት ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ይዛመታል።