«ግብር የተከፈለበት የሥራ ልምድ» ሲጠፋ ከየት ይገኛል?

ሐዋሳ ላይ የወጣ የመንግሥት የሥራ ማስታወቂያ ስታነቡ ይህችን መስመር ብዙ ጊዜ ታገኟታላችሁ፦ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆን አለበት። በዚያ ሥራ ካገኛችሁት ደመወዝ ግብር መቆረጡን አሳዩ ማለት ነው። ምዝገባው በቀናት ውስጥ ይዘጋል፤ ይህን የሚያረጋግጠው ወረቀት ደግሞ ጠፍቷል። አይዟችሁ። የደመወዛችሁ ዱካ አሠሪው ጋ ብቻ አይደለም ያለው። ገቢዎች፣ ጡረታና ባንክ ጋም አለ።

የቀድሞ መሥሪያ ቤታችሁ ዛሬ ነገ እያለ ያመላልሳችኋል

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጥያቄው በቃል መቅረቡ ነው። በቃል የተጠየቀ ነገር ጠያቂም ተጠያቂም የለውም። ማመልከቻ በሁለት ኮፒ ጻፉ። ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራችሁ፣ የሥራ መደባችሁን፣ የመጨረሻ ደመወዛችሁንና የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥራችሁን አስገቡበት። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማኅተም አስመቱና ያዙት። ያቺ ኮፒ ትልቅ ነገር ናት።

ደግሞ ውለታ እየጠየቃችሁ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጠው ያዛል። እምቢ ካሏችሁ ኮፒዋን ይዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው የከተማው ቢሮ ሂዱ።

ደብዳቤው አለ፣ ስለ ግብሩ ግን አይናገርም

ቀላሉ መንገድ አሠሪው «ከደመወዙ የሥራ ግብር እየተቆረጠ ለመንግሥት ገቢ ተደርጓል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምሮ እንደገና እንዲጽፍላችሁ ማድረግ ነው። አሁን የምታመለክቱበት መሥሪያ ቤት ይህ አይበቃኝም ካለ ወደ ገቢዎች ነው። አሠሪ በየወሩ የሠራተኞቹን ስም፣ ደመወዝና የተቆረጠውን ግብር ያሳውቃል፤ ሰነዱንም ቢያንስ 5 ዓመት የማቆየት ግዴታ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጉላላው የድርጅቱን ቲን ሳይዝ ስለሚሄድ ነው። ሆቴል ወይም ሱቅ ከነበረ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኙን እዩ፤ ቁጥሩ ከላይ ታትሟል። ሐዋሳ ላይ «መረጃችሁ የለም» ከተባላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ ግብሩን የሚያሳውቀው እዚያ ሊሆን ይችላል። የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ከድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ጠይቁ።

ድርጅቱ ራሱ የለም

ይሄ ከሁሉም ከባዱ ነው። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ምርት የመላክ ዕድል) ተጠቃሚነት ከወጣች ወዲህ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ወጣቶችን ያስጨነቀ ጉዳይ ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ከገጠር የመጡ ሴቶች ናቸው። መጀመሪያ ደመወዝ ይገባበት ወደነበረው ባንክ ሂዱና የሠራችሁበትን ጊዜ ስቴትመንት በማኅተም አውጡ። በየወሩ ገንዘቡን ያስገባው ማን እንደሆነ ያሳያል።

ቀጥሎ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ጋ የጡረታ መዋጮ መረጃችሁን ጠይቁ። ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ገቢ መደረግ ነበረበት። ሁለቱን ወረቀቶች ወር በወር አስተያዩ። ደመወዝ ገብቶ መዋጮ ያልገባበት ወር ካገኛችሁ ያንኑ ዕለት እዚያው በጽሑፍ አመልክቱ፤ የጎደለው ወር ነገ ለጡረታ ከሚቆጠርላችሁ የአገልግሎት ዘመን ላይ ነው የሚጎድለው።

ስማችሁ ተዛብቷል

ቲን ላይና ደብዳቤው ላይ የአያት ስም ከተለያየ በመታወቂያችሁ መሠረት እንዲታረም ጠይቁ። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ፤ ምዝገባ ላይ የሚጥለው እሱ ነው።