ሥር የሌለው አይጠጣም፦ ችግኝ ማባዛት ከጓሮዬ

ሐዋሳ ጓሮዬ ውስጥ ችግኝ ማፍላት ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። «እትዬ፣ እኔ የተከልኩት አይበቅልም፤ እጄ አይሆንም» የሚል ሰው ያልመጣበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። እስቲ ምን አደረግሽ ስላት መልሱ ያው ነው፤ ዝንጣፊውን አፈር ውስጥ ሰካሁት፣ ፀሐይ እንዲያገኝ አወጣሁት፣ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣሁት። እጇ ምንም አልሆነ። የተቆረጠ ቀንበጥ ሥር የለውም፣ ሥር የሌለው ደግሞ አይጠጣም። ቅጠሉ ግን ውኃ ማትነኑን አልተወም። ከላይ ይደርቃል፣ ከታች ጭቃው ያበሰብሰዋል። የእኛ ሥራ ሥር እስኪያወጣ ድረስ ያሉትን ሳምንታት እንዲህም እንዲያም ሳይሆን ማሻገር ነው።

ለመማር በጥብስ ቅጠል ጀምሩ። ከገበያ የመጣው እስር ገና ካልጠወለገ ራሱ ዘር ይሆናል። አበባ ያላወጣውን ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከአንጓው ሥር ቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፉ። ታጥቦ በተጣራ የወንዝ አሸዋ ውስጥ ስኩት፤ ፍግ እንዳትጨምሩ። ፍግ ሥር ላለው ምግብ ነው፣ ለተቆረጠ ቁስል ግን መርዝ ማለት ነው። አንዴ በደንብ አጠጡና ቂጡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ድፉበት፣ ክዳኑን ላላ አድርጉት። ብርሃን ያለበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ የማይመታው ቦታ ይቀመጥ። የጠርሙሱ ውስጥ ላብ ካለው ውኃ አትጨምሩ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በየቀኑ እየነቀላችሁ ሥር አወጣ አላወጣ እያላችሁ አትዩ፤ ይህ የእኔ የመጀመሪያ ዓመት በሽታ ነበር። በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ስትጎትቱት እንቢ ካለ ይዟል ማለት ነው።

ኮሰረት፣ ጤና አዳምና አሪቲም በዚሁ መንገድ ይወጣሉ፤ ኮሰረት እንዲያውም ከሁሉም ይቀላል። ጠጅ ሳር ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ጉቶውን ከነሥሩ ገንጥሎ፣ ቅጠሉን በግማሽ ቆርጦ መትከል ነው። ጽጌረዳና ቡገንቪሊያ ሲሆኑ ለጋውን ጫፍ ትታችሁ እርሳስ የሚያህለውን የጠነከረ እንጨት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ላዩን ሰያፍ፣ ታቹን ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡ አትሳሳቱም። ተገልብጦ የተሰካ እንጨት ብዙውን ጊዜ ዝም ብሎ ይደርቃልና። እሬት ቀቡት፣ ማር ንከሩት የሚሉ አሉ። ሞክሬያለሁ፤ በእኔ መደብ ላይ ከጠርሙሱ በላይ የረዳኝ ነገር አላየሁም።

የማባዛትን ነገር መጀመሪያ ያየሁት ግን ከማንም ባለሙያ አይደለም፤ ጉራጌ አገር እናቴ እንሰት ስታበዛ ነው። እንሰትና ሙዝ ወንድማማች ይመስላሉ። ሙዝ ግን ሳትነኩት ከጎኑ ልጅ ያወጣል፤ እንሰት እንዲያ አያደርግም። መሃል ያለው ቡቃያ በሕይወት እስካለ ድረስ የጎኖቹን አፍኖ ይይዛቸዋል። እናቴ የሁለት ሦስት ዓመቱን እንሰት ነቅላ፣ ላዩን ቆርጣ ትጥልና አሚቾውን፣ ማለትም ከመሬት ሥር ያለውን ወፍራሙን ክፍል፣ ታስቀራለች፤ ከዚያ የመሃሉን እንብርት በቢላ ትቦረቡረዋለች። ጥቂት ቀን ቁስሉ እስኪደርቅ ትተወዋለች። ቦርቡራ ያወጣችበትን ጉድጓድ ፍግና አፈር ሞልታ ትቀብረዋለች። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ከዳር እስከ ዳር እንደ ጫጩት ተንጋግቶ ይወጣል፤ ከአንዱ አሚቾ ከ40 በላይ ቆጥሬያለሁ። ዛሬ ቲማቲምም ሆነ በሶብላ ጫፉን ስቀነጥብ ቅርንጫፍ የሚያበዛው በዚሁ ምክንያት ነው። እናቴ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ስትሄድ ቢላውን እሳት ታስነካው ነበር። እንሰት አጠውላጊው በሽታ በስለት እንደሚተላለፍ የተረዳሁት በኋላ ነው። እኔም እስከ ዛሬ በአልኮል ወይም በእሳት ሳላጸዳ አንድ ዛፍ ቆርጬ ሌላው ላይ አልሄድም።

አሁን ወደ አቮካዶው። ሰው ሁሉ የሚፈልገው እሱን ነው፣ ሰው ሁሉም የሚሳሳትበት እሱው ነው።

ፍሬውን በልታችሁ የተከላችሁት አቮካዶ ይበቅላል። ነገር ግን እናቱን አይመስልም፤ ፍሬ ለማየትም 7፣ 8 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። የተዳቀለው በ3 ወይም በ4 ዓመት ይሰጣል። (ማዳቀል እንላለን እንጂ የአበባ ዱቄት የሚቀላቀልበት ማዳቀል አይደለም፤ ባለሙያዎቹ ግራፍት ይሉታል፣ የአንዱን ቀንበጥ በሌላው እግር ላይ፣ ማለትም ሥር ባለው ችግኝ ላይ፣ ማቆም ነው።) ዛሬ ዓለም የሚሸምተው ሐስ የተባለው ዝርያ እንኳ ከአንዲት ዛፍ የመጣ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሩዶልፍ ሐስ የሚባል ፖስተኛ ከፍሬ ባበቀለው ችግኝ ላይ ፉዌርቴ የተባለውን ዝርያ ሊያዳቅል ሞክሮ አልይዝ አለው። ችግኙን ተወው፤ ያ የተተወው ችግኝ አፍርቶ ሐስ ሆነ። ዝርያውን በ1935 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዘገበ። የእናት ዛፏ በ2002 እ.ኤ.አ. ሞታ ተቆርጣለች፤ ቀንበጧ ግን በየአገሩ እግር እየተበደረ ይኖራል። የማዳቀል ነገር አልያዝላችሁ ሲል ይህን ሰው አስቡት።

የእኔ የመጀመሪያዎቹ 40 ችግኞች ውስጥ የያዙት 3 ናቸው። ቢላዬ የወጥ ቤት ነበር፣ የቆረጥኩት ቀንበጥ ደግሞ ገና የሚያብረቀርቅ ለጋ ቅጠል ያወጣ። አሁን እንዲህ አደርጋለሁ።

ለእግር የሚሆነውን ፍሬ መሬት ከወደቀው አልወስድም፤ ሥር የሚያበሰብሰው በሽታ ከአፈር ይዞ ይመጣል። ከዛፉ ተለቅሞ ከበሰለው ፍሬ ዘሩን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ቡናማውን ሽፋን ልጬ፣ ቶሎ እዘራለሁ። ይህ ዘር እንደ በቆሎ ደርቆ አይቀመጥም። ቴርሞሜትር ያለው ሰው 49 ወይም 50 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢዘፈዝፈው በሽታውን ይገድልለታል፤ በግምት ግን አትሞክሩ፣ ትቀቅሉታላችሁ። ሰፊው ወደ ታች፣ ሾጣጣው ወደ ላይ፣ ጫፉ ትንሽ እየታየ ይቀበራል። የችግኝ ፕላስቲኩ ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሥሩ አይጠመዘዝም፤ አፈሩ ሦስት እጅ ጥቁር አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ።

ግንዱ እርሳስ ሲያክል ዕለቱን እመርጣለሁ። ጠዋት፣ ደመና ካለ የተሻለ። ቀንበጡን ካፈራ ዛፍ እቆርጣለሁ፤ እንቡጡ ያበጠ ግን ያልተከፈተ፣ ውፍረቱም ከግንዱ ጋር የሚመሳሰል። ወዲያው ቅጠሉን አራግፌ በእርጥብ ጨርቅ እጠቀልለዋለሁ፤ እዚህ ላይ «ትንሽ ቆይቼ» ያለ ሰው አለቀለት። ችግኙን ከአፈሩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብዬ፣ ከታች ጥቂት ቅጠል አስቀርቼ እቆርጥና መሃል ለመሃል 3 ሳንቲ ሜትር እሰነጥቀዋለሁ። የቀንበጡን እግር በሁለት በኩል እንደ ሽብልቅ እጠርበዋለሁ። እያንዳንዱ ጎን በአንድ ምት ቢጠረብ ነው የሚሻለው፤ የተነካከሰ እንጨት በመሃሉ አየር ያስቀራል። ከልጣጩ ሥር ያለችው ቀጭን አረንጓዴ መስመር ነች የምትጋጠመው፤ ውፍረታቸው ካልተመጣጠነ በአንድ በኩል ብቻ አገናኙ፣ መሃል ላይ አታቁሙት። በፕላስቲክ ጥብቅ አድርጌ አስርና ላዩን ጠባብ ፌስታል አለብሰዋለሁ። ፌስታሉ ያው የጥብስ ቅጠሉን ጠርሙስ ሥራ ነው የሚሠራው።

ከዚያ ጥላ ውስጥ። ከ3 እስከ 5 ሳምንት ድረስ እንቡጡ ካልጠቆረ ተስፋ አለ። ቅጠሉ ሲገለጥ ፌስታሉን ማታ አውልቁ፤ በቀትር ከገለጣችሁት በአንድ ቀን ይጠወልጋል። ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣውን ቡቃያ በየሳምንቱ በጣት ቀንጥቡ፤ ከተዋችሁት እግሩ የላዩን ትቶ የራሱን ልጅ ያሳድጋል። አሁን ከ10 ውስጥ 8 ይይዙልኛል።

አንድ ጊዜ «ሐስ ነው» ተብዬ ቀንበጥ ገዛሁ። ሦስት ዓመት ጠብቄ ያፈራው ፍሬ ልጣጩ ለስላሳ፣ ሲበስልም አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ሐስ ልጣጩ ሻካራ ነው፣ ሲበስል ይጠቁራል። ስለዚህ ፍሬውን በዓይናችሁ ካላያችሁት ዛፍ ቀንበጥ አትውሰዱ።

ስለ ዘር ብዙ አልልም። ፓፓያ ዘሩን የሸፈነውን ዝልግልግ ነገር ውኃ ውስጥ አሽታችሁ አውልቁ። ወንዱ ከሴቱ አበባ እስኪያወጣ ስለማይለይ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ትከሉ። የግራር ዘር፣ ፈልቶ ከእሳት በወረደ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይደር። የቡና ዘር ቆይቶ አይሆንም፤ ጥላ ላይ ደርቆ ከነገለፈቱ በቶሎ ይዘራ።

ሊሸጥም ሆነ ሊተከል ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ችግኙን ከጥላ ቀስ በቀስ አወጣዋለሁ፣ ውኃውንም እቀንሳለሁ። መሬት የሚገባው ክረምቱ ሲይዝ ነው፤ መጋጠሚያው ከአፈር በላይ ይቆይ። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ «ያዳቀልሽው አቮካዶ ቢጫ ሆነ» ብሎ ነቅሎ ይዞት መጣ። አገላብጬ አየሁት። ጥቁሩ ፕላስቲክ ከነአፈሩ እንዳለ ነበር፣ ሥሩ ውስጡ አሥር ጊዜ ዞሮ ዞሮ። ቀድጄ፣ የተጠመዘዘውን ሥር ቆርጬ፣ ቅጠሉን በግማሽ ቀንሼ፣ አዲስ አፈር ውስጥ አስገባሁት። ጥላ ውስጥ ነው፤ ሁለት ቅጠል አውጥቷል።