ሞትን በአንድ ጉርሻ ልክ ማሰብ

የቡድሃ ጥንታዊ ትምህርቶች በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ «ማራናሳቲ» ይባላል፤ ሞትን ማስታወስ ማለት ነው። የቡድሃ ተከታዮች ይህን ልምምድ የያዙት ሰውን ለማስጨነቅ ሳይሆን ቸልተኝነትን ለማራቅ ነው።

አንጉታራ ኒካያ በተባለው ጥንታዊ የትምህርት ስብስብ እንደ ተጻፈው፣ ቡድሃ ናዲካ በተባለ ስፍራ በጡብ ቤት ውስጥ ሳለ መነኮሳቱን ሞትን እንዴት እንደሚያስታውሱ ጠየቃቸው። አንዱ «አንድ ቀንና ሌሊት ብቻ በሕይወት ብቆይ» ብሎ እንደሚያስብ ተናገረ፤ ሁለተኛው አንድ ቀን፣ ሦስተኛው አንድ ማዕድ የሚበላበትን ጊዜ፣ አራተኛው አራት አምስት ጉርሻ የሚያኝክበትን ጊዜ፣ አምስተኛው አንድ ጉርሻ፣ ስድስተኛው ደግሞ ስቦ እስኪተነፍስ ያለውን ጊዜ ብቻ ለካ። ቡድሃ ነቁ ያላቸው የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብቻ ሲሆን፣ አራቱን ግን ቸልተኞች ብሏቸዋል። አንድ ቀንን እንኳ እንደ ረጅም ጊዜ መቁጠሩ ብዙዎቻችንን ሊያስደነግጠን ይገባል።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው ከጉርሻው እንዲነሣ ነው፤ እስትንፋስን መከታተል ያልለመደ ሰው በቶሎ ይበተናልና። በቀን አንድ ጊዜ፣ ብቻዎን ሲበሉ፣ ከእንጀራው ቆርሰው ወጡን ጠቅልለው ወደ አፍዎ ከማድረስዎ በፊት ለአፍታ ይቁሙና «ይህን እስክውጥ ብቻ ብኖር» ይበሉ። ከዚያ ጎርሰው በዝግታ ያኝኩ፤ የበርበሬውን ማቃጠል፣ የእንጀራውን መኮምጠጥ፣ ጣዕሙ እየሳሳ መሄዱን ይከታተሉ። ብዙ ሳይቆዩ አንድ ነገር ያስተውላሉ፦ አፍ ገና ሳይውጥ እጅ የሚቀጥለውን እየቆረሰ ነው። እጅዎን አይቆጡት፤ መልሰው ያሳርፉትና የያዙትን ጉርሻ ይጨርሱ። ያ ወደ ፊት የሚጣደፍ እጅ፣ ሁልጊዜ ሌላ ጉርሻ እንዳለ አድርጎ የሚያምነውን ልብ በዓይን የሚያሳይ ነው። ሦስት አራት ጉርሻ በዚህ መንገድ መብላት ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል።

ማታ የሚደረገው ልምምድ ከዚያው ስብስብ የመጣ ነው። ቀኑ አልፎ ሌሊቱ ሲገባ፣ የምሞትበት ምክንያት ብዙ ነው ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፦ እባብ ወይም ጊንጥ ሊነድፈኝ ይችላል፣ ተደናቅፌ ልወድቅ እችላለሁ፣ የበላሁት ላይስማማኝ ይችላል። ቀጥሎም «ዛሬ ሌሊት ብሞት እንቅፋት የሚሆንብኝ ያልተውሁት ክፋት አለን?» ብሎ ራስን መጠየቅ ይከተላል። ካለ፣ ጥምጥሙ ወይም ራሱ እሳት የያዘው ሰው እሳቱን ለማጥፋት በሚጣደፍበት ትጋት ያንን ለማስወገድ መነሣት ነው። ቂም የያዙበት ሰው ካለ፣ ሊደውሉለት ያሰቡትን ለነገ አያሳድሩ።

በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስሪላንካ የጻፈው የቡድሃ ትምህርት ሊቅ ቡድሃጎሳ ስለ አሳሳቡ የሰጠው ማሳሰቢያ እጅግ ይጠቅማል። የወዳጅን ሞት ማሰብ ኀዘንን፣ የጠላትን ሞት ማሰብ ደስታን፣ የራስን ሞት ያለ ማስተዋል ማሰብ ደግሞ ድንጋጤን ያመጣል ይላል። ስለዚህ በምቾት ኖረው ያለፉ ሰዎችን በአእምሮ እያመጡ፣ በንቃትና በእርጋታ «ሞት ይመጣል» ብሎ ማሰብን ይመክራል። ልብ ከተረበሸ ልምምዱን ማቆምና ወደ እስትንፋስ መመለስ ይገባል።

ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። በቬሳሊ ከተማ መነኮሳቱ የሰውነትን ርኩሰት የማሰላሰል ትምህርት ተቀብለው፣ ቡድሃ ለግማሽ ወር ብቻውን ሊቀመጥ በሄደ ጊዜ ብዙዎቹ ሥጋቸውን ተጸይፈው ሕይወታቸውን እንዳጠፉ ተጽፏል፤ ሲመለስም ለቀሩት እስትንፋስን መከታተልን አስተማራቸው። ስለዚህ ኀዘን ገና ትኩስ የሆነበት፣ ወይም ሕይወቱን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ይህን ልምምድ ብቻውን አይጀምር፤ ያለበትን ለሚያምነው ሰውና ለሐኪም ይንገር።

በማታው ጥያቄ ውስጥ ምንም ክፋት ያላገኘ ሰው በደስታ ይደር ይላል ትምህርቱ። ሲነጋም ጥያቄው በዚያው ቃል ይደገማል፤ አሁን የሚጠየቀው ግን ስለ ሌሊቱ ሳይሆን ስለ ቀኑ ነው።