አሻንጉሊቷ እንድትቀመጥ ከፈለጉ ከፊቷ አይጀምሩ

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተንቀሳቃሽ አሻንጉሊት መሥራት አስተምራለሁ። አንገቷን የምታዞር፣ ክርኗን የምታጥፍ፣ መደርደሪያ ላይ እግሯን አጣጥፋ የምትቀመጥ አሻንጉሊት። ተማሪዎቼ ጎበዞች ናቸው፤ የሚሳሳቱት ግን አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከፊት መጀመር ነው። ጭቃው እጅ እንደገባ ዓይንና አፍንጫ ማውጣት ያጓጓል፤ ጉጉቱ ይገባኛል። ነገር ግን ያማረ ፊት ሠርቶ አካል የሚያጣለትን ሰው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አስቀድመው አሻንጉሊቷን በምትሠራበት ልክ ወረቀት ላይ ይሳሏት፤ አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን። የአዋቂ ሰው ቁመት የራሱን ርዝመት ሰባት ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚሆን 30 ሳንቲ ሜትር ለምትረዝም አሻንጉሊት 4 ሳንቲ ሜትር ራስ ይበቃታል። ሕፃን ከሆነች ራሷ ተለቅ ይላል። ከዚያ መታጠፊያዎቹን ሁሉ በክብ ምልክት ያድርጉባቸው።

ሁለተኛው ጭቃውን ማጣደፍ ነው። የምንጠቀመው በአየር የሚደርቅ ጭቃ ነው፤ የጀበና ጭቃ እሳት ካላየ ውሃ ሲነካው ይፈርሳል። በአየር የሚደርቀውም ቢሆን ውሃው ሲወጣ ይኮማተራል፤ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ከደረቀ ይሰነጠቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው፤ በረንዳ ላይ የተሰጣ ክንድ በዚያው ቀን ሊሰነጠቅ ይችላል። በሐምሌ ደግሞ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል፣ ሻጋታም ያወጣል። ከሰል ምድጃ አጠገብ ማስጠጋት መፍትሔ አይሆንም። ጭቃውን በፎም ላይ በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያልብሱት፤ በጥላ ቦታ እያገላበጡ ያድርቁት፤ ከዚያ ለሁለት ሰንጥቀው ፎሙን ያውጡና መልሰው ያጣብቁት። ያ ባዶ ቦታ የአካሏን ክፍሎች አያይዞ ለሚይዘው ላስቲክ መንገድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መታጠፊያው እንምጣ፤ የሥራው ነፍስ እዚህ ነው። ሰዎች ይህን ጥበብ አዲስ ነገር አድርገው ይቆጥሩታል። በ1889 እ.ኤ.አ. በሮም ከአንዲት ወጣት መቃብር የወጣች የዝሆን ጥርስ አሻንጉሊት ግን ክርኗም ጉልበቷም ይታጠፋል፤ ዕድሜዋም 1,800 ዓመት ገደማ ነው።

መታጠፊያው ድብልብል ኳስና ኳሱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ነው። ጀማሪዎች ድብልብሉን በመዳፋቸው ያንከባልሉታል። ዓይን ክብ ነው ይላል፤ ሲገጠም ግን በአንድ በኩል ይላላል፣ በሌላው ይነክሳል። ልጆች በሚጫወቱበት ብይ ላይ ጭቃውን አልብሰው፣ ሲደርቅ ለሁለት ሰንጥቀው ብዩን ያውጡና መልሰው ያጣብቁት። ጎድጓዳውንም በዚያው ድብልብል ተጭነው ያውጡት፤ ሲደርቅ ስለሚጠብ ድብልብሉን በብርጭቆ ወረቀት ጠቅልለው እያሽከረከሩ ያስፉት። አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነውና አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ጎድጓዳው ከድብልብሉ ግማሽ በላይ ከዋጠ ደግሞ እግሩ አይታጠፍም።

ከሁሉ የሚከፋው ላስቲኩ የሚንሸራተትበትን ስንጥቅ በተሳሳተ በኩል መቅደድ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ ልብስ ሰፊ ተማሪዬ የጉልበቱን ስንጥቅ ከፊት ቀደዱት።

«ጋሼ፣ ይህች ልጅ እንደ ሰው አትቀመጥም» አልኳቸው።

ዝም ብለው ከወንበራቸው ተነሡና ቀስ ብለው እንደገና ተቀመጡ፤ ጉልበታቸውን ከኋላ በኩል እየዳሰሱ።

«ልክ ነሽ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ ሱሪ ስሰፋ የኖርኩት ይህንኑ አይደል እንዴ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው ቢላዋ ከማንሣቱ በፊት የራሱን ክርንና ጉልበት አጥፎ እንዲዳስስ አደርጋለሁ። የጉልበት ስንጥቅ ወደ ኋላ፣ የክርን ወደ ፊት ነው። መገጣጠሚያው ከሟለጨ ጎድጓዳው ውስጥ ስስ ቆዳ ይለጥፉ፤ ጫማ ሠሪዎች ዘንድ ቁርጥራጭ አይጠፋም።

ላስቲኩ ክብ ይሁን፤ የቀሚስ ወገብ ጠፍጣፋ ላስቲክ ውስጥ ለውስጥ ይጠማዘዛል። አንዱ ከራስ ተነሥቶ በደረት በኩል ወደ ሁለቱ እግሮች፣ ሌላው ከአንዱ እጅ አንጓ ወደ ሌላው ይለፍ። ከጠበቀ እግሯ በራሱ ይፈናጠራል፣ ከላላ ትዘረራለች። ይህን ሳይፈትኑ ቀለም መቀባት ድካምን ሁለት ጊዜ መድከም ነው።

ቀለምን በተመለከተ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። አንድ ቡናማ ከቱቦው አውጥቶ ሁሉንም መቀባት! እኛ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ፣ ጥቁር ብለን የምንለይ ሕዝብ ነን። ቡናማው ላይ ቢጫና ቀይ ጠብ እያደረጉ የሚወዱትን ሰው መልክ ይፈልጉ፤ መዳፏንና ውስጥ እግሯን ፈካ ያድርጉት። ድብልብሉን ግን በስሱ ይቀቡት፤ ወፍራም ቀለም ይፋቃል፣ መገጣጠሚያውንም ያጠብቃል።

ልብሷን ሲሰፉ የትልቅ ሰው ቀሚስ ጥለት ለዚያች አካል ይበዛባታል፤ ሽሮ ሜዳ ሲሄዱ ጠባቡን ጥለት ይጠይቁ። እጅጌውንም የሚለኩት ክርኗ እስከ መጨረሻው ታጥፎ ሳለ ይሁን።