ጥናቱን ለመምህሯ በግማሽ ገጽ
በስድስት ኪሎ ግቢ የሚሠራ የሕፃናት ትምህርት ጥናት ለአራት ኪሎና ለፒያሳ የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህራን እንዲደርስ የምትሹ ተመራማሪዎች፣ ሙሉውን ጽሑፍ ከመላክ ይልቅ በማግስቱ የሚሞከር አንድ ተግባር ብቻ በግማሽ ገጽ አማርኛ ጽፋችሁ ብትወስዱ ይሻላል። ለምሳሌ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ወላጆች ለአንድ ወር የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ ክፍት ጥያቄ እየጠየቁ የልጁን መልስ እንዲያሰፉ ሲደረግ፣ ልጆቹ በተለመደው መንገድ ከተነበበላቸው እኩዮቻቸው በንግግር ችሎታ በልጠው ተገኝተዋል። መምህሯ የምትፈልገው የጥናቱን የቁጥር ሠንጠረዥ ሳይሆን፣ ልጁ «ውሻ» ሲል «አዎ፣ ጥቁር ውሻ ነው፤ ወዴት የሚሮጥ ይመስልሃል?» የሚለውን አነጋገር ነው። ጥናቱ በአሜሪካ፣ በየቤቱ እንጂ ልጆች በሞሉበት ክፍል እንዳልተደረገም አትሸሽጉ። በሳምንቱ፣ በተለይ በሻይ ሰዓት፣ ተመልሳችሁ ያልሠራውን ጠይቁ።